ገንዳውን ከማሞቃችን በፊት

ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ግን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ገንዳ ውሃ ማሞቂያ ነው። «እኛ ቤት ገንዳ የለም» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። በአራዳና በፒያሳ ግቢዎች የመዋኛ ገንዳ ማየት ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። በየአጥቢያችን ግን የጥምቀት ገንዳ አለ። ቪላ ተከራይተው የሚያመልኩ አጥቢያዎችም ባለቤቱ ለመዋኛ ያሠራውን ገንዳ ለጥምቀት ይጠቀሙበታል። ከውጭ አገር ተመልሰው ቤት የሠሩ ወገኖቻችንም ለልጆቻቸው ትንሽ ገንዳ እያስቆፈሩ ነው። የውሃው ጠባይ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ የኤሌክትሪኩም አደጋ እንዲሁ።

በመጀመሪያ፣ ማሞቅ ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄ ከወንድሞች ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። «ጃንደረባው ውሃውን ባየ ጊዜ ስንት ዲግሪ ነው ብሎ አልጠየቀም» ይላሉ። መልካም፤ ጃንደረባው ግን የተጠመቀው በጋዛ መንገድ ላይ እንጂ በታኅሣሥ ማለዳ በአራዳ አልነበረም! ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በጥላ ሥር ያለ የሲሚንቶ ገንዳም የሌሊቱን ብርድ ይዞ ያድራል። ሰውነት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሳይወድ ትንፋሽ ይስባል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ይህ ለሳቅ የሚሆን ነገር ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው እናት፣ አስም ለሚያስቸግረው ሰው ግን ሳቅ አይደለም። በአገልግሎት ዘመኔ ብርዱን ፈርተው ጥምቀታቸውን ከዓመት ወደ ዓመት ያሻገሩ እናቶችን አውቃለሁ። ፍርሃታቸው የእምነት ማነስ አይመስለኝም፤ ሐኪማቸውም ቢጠየቅ ያንኑ ይላቸው ነበር።

እንግዲህ ውሃው ይሙቅ ብለን ከተስማማን ሁሉም ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «የትኛውን ማሞቂያ እንግዛ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሦስተኛ መምጣት ያለበት ይመስለኛል። የመጀመሪያው የሽቦው ጉዳይ ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ዌኮ በምትባል ከተማ፣ ካይል ሌክ የሚባል የ33 ዓመት ፓስተር በእሁድ አምልኮ መካከል ሰው ሊያጠምቅ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ነበር። ውሃው ውስጥ እንዳለ እጁን ዘርግቶ ማይክሮፎን ሲይዝ ኤሌክትሪክ መታው፣ ሕይወቱም አለፈ። የሦስት ልጆች አባት ነበር። ይህ የሆነው የኤሌክትሪክ ሥራ በጥብቅ ሕግ በሚመራበት አገር ነው። እኛ ዘንድ፣ በተለይ ከቀድሞ ዘመን በቀሩት የአራዳ ቤቶችና ግቢዎች፣ ሁለት ሽቦ ብቻ የተዘረጋበት፣ ኤርዝ የሚባለው የምድር ሽቦ ጨርሶ የሌለበት ሶኬት ማግኘት ብርቅ አይደለም። በዚያ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ ማራዘሚያ እርጥብ ወለል ላይ ይጎተታል፣ ማይክሮፎኑም ከነሽቦው ለአጥማጁ ይቀበላል።

ደረቅ እጅ ያለው ሰው ኤሌክትሪክ ሲነካው ደንግጦ ሊተርፍ ይችላል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ግን ያ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ለኤሌክትሪክ በሩን ይከፍታል፣ ጡንቻውም ስለሚኮማተር የያዘውን መልቀቅ አይችልም። ስለዚህ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሁለት ነገር አሠሩ። አንደኛው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ያለው እውነተኛ ኤርዝ ነው። የማሞቂያው አካል ብቻ ሳይሆን የገንዳው የብረት መሰላልና መያዣም ከእርሱ ጋር ይታሰሩ። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ በቅጽበት ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ነው። 30 ሚሊ አምፔር የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ። ቆጣሪ አጠገብ ያለው ተራ ብሬከር ሽቦውን ከቃጠሎ ያድናል እንጂ ሰው አያድንም፤ ብዙዎች ይህን ልዩነት አያውቁም። አዲሱ ብሬከር ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። በወር አንድ ጊዜ ተጭናችሁ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ሁሉም ነገር ቢሟላ እንኳ ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ማሞቂያው መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከሶኬት መነቀል አለበት። ማይክሮፎንም በሽቦ ከሆነ ውሃው ውስጥ ላለ ሰው አይሰጥ። የድምፅ ክፍል ወንድሞች ሆይ፣ ይህ የእናንተ አደራ ነው። አጥማጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገር ጉባኤው ይሰማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሙቀቱ ማምለጥ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከገንዳው ላይ ሲተን 580 ሊትር ያህል ውሃ በ1 ዲግሪ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 6,000 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ 10 ሊትር ብቻ ቢተን ገንዳው 1 ዲግሪ ያህል አጣ ማለት ነው። የበጋው አየር ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ይበረታል። የሞቀ ገንዳን ክፍት ትቶ ማደር ክዳን በሌለው ድስት ሽሮ እንደ መቀቀል ነው፤ እሳቱ የሚያልቀው በእንፋሎት ነው። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ የሚተኛ፣ አረፋ አረፋ ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ከማሞቂያው ዋጋ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል። እርሱ ባይገኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ ሸራም ይረዳል። እናቶች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ልቅ የሆነ ልባስ ለሕፃን ወጥመድ ነው። የረገጠው ልጅ ከሥሩ ይገባል፣ ከላይም አይታይም። ገንዳው በር ያለው አጥር ይኑረው፤ ከአገልግሎት በኋላ ሥራ ከሌለውም ውሃው ይፍሰስ።

አሁን ወደ ማሞቂያው እንምጣ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1,000 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 2፣ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር የሆነ ገንዳ 6,000 ሊትር ይይዛል። ከ16 ዲግሪ ወደ 30 ለማድረስ ወደ 98 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በቤት ቋንቋ እንናገረው፦ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ያለማቋረጥ 28 ሰዓት ቢጣድ ነው! የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ የሚወደድ ስለሆነ፣ ካርድ የምትሞሉ ሁሉ ቁጥሩ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።

ይህን ሙቀት ከተማችን በነፃ የተቀበለችበት ቦታ አለ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሏት ከተማ የተቆረቆረችው በዚያ ፍልውሃ ምክንያት ነው። ከፒያሳ ቁልቁል ስትወርዱ የሚገኘው ይኸው ፍልውሃ እስከ ዛሬ ሰው ያጥባል። የሂልተን ሆቴል የመዋኛ ገንዳም የሚሞቀው በዚያው አካባቢ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው። ሶደሬና ወንዶ ገነትም እንዲሁ ናቸው። እኛ ከላይ በአራዳ ያለነው ግን ከዚያ ቧንቧ ዕጣ አልደረሰንም፤ ሙቀታችንን መግዛት ግድ ይለናል።

አብዛኞቹ አጥቢያዎች እስከ አሁን የሚገዙት በእህቶች ጉልበት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው በርሜል ጥደው፣ በእንጨት አፍልተው፣ በባልዲ እየተቀባበሉ ይገለብጣሉ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ያንን ገንዳ 30 ዲግሪ ለማድረስ 90 ዲግሪ የሞቀ ከ1,100 ሊትር በላይ ውሃ ያስፈልጋል፤ በ20 ሊትር ጄሪካን ቢቆጠር ከ55 በላይ መሆኑ ነው። በጨለማ፣ በእርጥብ ወለል ላይ የሚፈላ ውሃ ተሸክሞ 55 ጊዜ መመላለስ! ሽማግሌዎቻችን «ማሞቂያ ውድ ነው» ሲሉ ይህ ድካምና የመቃጠሉ አደጋ በሒሳቡ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ብትጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

«የቤት ቦይለር እንግጠም» የሚሉም አሉ። ቦይለር ለገላ መታጠቢያ ጥሩ ነው። 80 ሊትር የሚይዝ፣ 1.5 ኪሎዋት የሆነ ቦይለር አንዴ እስኪሞላና እስኪሞቅ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ለዚያ ገንዳ ደግሞ ከ20 ጊዜ በላይ መሙላት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተዉት። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ባለ ሽቦ ማሞቂያ ገንዳ ውስጥ መጣልን በተመለከተ ግን፣ ከላይ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው የሚደፍረው አይመስለኝም።

ኤሌክትሪክ ከመረጣችሁ ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ ፓምፕ ውሃውን እየሳበ የሚያሳልፍበት ማሞቂያ ይሻላል። 6 ኪሎዋት የሆነው ያንን ገንዳ በ16 ሰዓት ገደማ ያሞቃል፤ የሚያመልጠው ሙቀት ሲጨመር ትንሽ ይረዝማል። በ220 ቮልት 27 አምፔር ስለሚስብ ግን የሰፈሩ ቀጭን ሽቦ አይችለውም፤ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ጋዝ ካሰባችሁ አንድ የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር አብዛኛው ክፍል በአንድ ጥምቀት ያልቃል። ማሞቂያው ከቤት ውጭ፣ አየር በሚገባበት ካልተቀመጠም ሽታ የሌለው ጢሱ ይገድላል።

በየሳምንቱ ለሚዋኝበት ገንዳ ሂት ፓምፕ የሚባለው አለ። ሥራው የፍሪጅ ግልባጭ ነው፤ ከአየር ላይ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውሃ ያስገባል። ለበላው 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ዋጋው ውድ ነው። ሲበላሽም የሚጠግነው የፍሪጅ ባለሙያ ስለሆነ መለዋወጫው አገር ውስጥ መኖሩን ሳትጠይቁ አትግዙ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያጠምቅ አጥቢያ ግን ብክነት ነው።

እኔ ብጠየቅ ልቤ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በአገራችን እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት የምናየው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ቀኑ ደግሞ በእነዚሁ ወራት ጥርት ያለ ፀሐይ ነው። ብርዱና መድኃኒቱ በአንድ ወር ይመጣሉ። ጣሪያ ላይ 10 ካሬ ሜትር የሚሆን የፀሐይ ማሞቂያ ቢዘረጋና ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ቢያመላልሰው፣ በጥሩ ቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰበስባል። ገንዳው በደንብ ከለበሰ በአራትና በአምስት ቀን ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው አያሠራም። ስለዚህ የክረምት ጥምቀት ያላችሁ ኤሌክትሪኩን በደጋፊነት ያዙ፣ ወይም ፕሮግራሙን ወደ ጥቅምት አሻግሩት። ጣሪያውን ግን አስመርምሩ። ውሃ የተሞላ 200 ሊትር ታንከር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያረጀ የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ አይሸከመውም።

ያለው ማሞቂያ ተበላሽቶባችሁ ከሆነስ? ጥገናው ብዙ ጊዜ ከምትፈሩት ይቀላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሬዚስታንስ በብዛት የሚቃጠለው ውሃ ሳይኖር በመብራቱ ነው። ውሃ ሲቋረጥ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት አዲሱም ተመልሶ ይቃጠላል። ውሃው እየሞቀ ቀስ በቀስ ከደከመ ሬዚስታንሱን ነጭ የኖራ ንጣፍ ሸፍኖት ይሆናል፤ ወጥቶ ቢጸዳ ይመለሳል። ጭራሽ ካልሞቀ ቴርሞስታቱ ይታይ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ፣ በጠፋ ቁጥር ከሶኬት መንቀል ዕድሜውን ያረዝማል። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ ግን «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በትልቅ የሚቀይር ወይም በሽቦ የሚያልፍ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ከፍላችሁ ሸኙት። ብሬከሩ የሚወድቀው ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያፈሰሰ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የሚታመን ባለሙያ ከጥገና በኋላ በመለኪያ ፈትሾ ቁጥሩን ያሳያችኋል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው ወዲያና ወዲህ ተበትኗል። የአሮጌ ቤቶቻችሁን ሽቦ ከየት እስከ የት እንደተዘረጋ በቃሉ የሚያውቀው ጠጋኝ ዛሬ ምናልባት በሩቅ ኮንዶሚኒየም ይኖር ይሆናል። ስልኩን ፈልጉት። እስኪመጣም የሚያውቀውን አንድ ወጣት ተቀምጦ በወረቀት ይሣለው።

ለእሁድ ጥምቀት በኤሌክትሪክ የምታሞቁ ከሆነ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገንዳውን ሙሉ፣ ልባሱን አልብሱ፣ ማሞቂያውን አብሩ። ቅዳሜ ማታ በቴርሞሜትር ለኩ፤ 30 ዲግሪ ከደረሰ አጥፍታችሁ ንቀሉት። በደንብ የለበሰ ገንዳ እስከ ማለዳ የሚያጣው ጥቂት ነው። ለሚወጡት ሰዎች ደግሞ ወፍራም ፎጣ፣ ጋቢና ትኩስ ሻይ በቅርብ ይዘጋጅ። እናቶቹ ቀድመው ይጠመቁ፤ ጎረምሶቹ ይቆዩ፣ እነርሱ ቢበርዳቸውም ይስቃሉ።