ከሽቦው ወዲያ የተወለዱ ልጆች

በአገራችን ልማድ ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። የተፈጥሮ ቆጠራ ግን ሌላ ነው። በመላው ዓለም ማለት ይቻላል፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት መካከል ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ጅቡቲም እንዲሁ ናት። ወንዱ ያለ ጊዜው የመወለድ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ሳንባው ዘግይቶ ይጠነክራል፤ ለኢንፌክሽንም ይበልጥ ይጋለጣል። ስለዚህ የሴቶቹ ሞት ከወንዶቹ እኩል የሆነበት አገር ሲገኝ እኩልነት መጣ ብለን ደስ ሊለን አይገባም። ሴት ልጅ ስትታመም ችላ ትባላለች ማለት ሊሆን ይችላልና።

ሰው የሠራውን ልዩነት ለማየት ደግሞ ከጅቡቲ ከተማ መሐል ተነስቶ፣ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ባልባላ መውጣት ይበቃል። ፈረንሳዮች በ1966 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን በእሾህ ሽቦ ሲያጥሩ፣ መግባት የተከለከሉት ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆ ቀለሱ። ባልባላ የሰፋው እንዲያ ነው። አገሪቱ በ1977 ነፃ ወጣች፤ ሽቦውም ተነሳ። የቧንቧ ውኃ ግን እንደ ሰዉ ቶሎ አልተሻገረም።

ውኃ ሲጠፋ ይጠራቀማል። ከደጁ በርሜል ወይም ጀሪካን የሌለበት ቤት እምብዛም አይገኝም። ያልተከደነ በርሜል ላይ ጎንበስ ብትሉ ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድመው የተኙ ቀጫጭን እጮች ታያላችሁ፤ ጥላችሁ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው በ2012 እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። የከተማ በርሜልና ታንከር ይስማማታል። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው ወባ 27 ሰው ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ከወባ ጋር ደግሞ ንጹሕ ካልሆነ ውኃ የሚመጣው ተቅማጥ አለ።

በ2017 ከእኛው ሶማሌ ክልል፣ ከአዲጋላ ጉድጓዶች፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ቧንቧ ውኃ ማምጣት ጀመረ። በ2021 የዶራሌ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ተመረቀ። እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ በ1990 ከ1,000 ሕፃናት ከ110 በላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱባት የነበረችው ጅቡቲ ዛሬ ያንን በግማሽ ገደማ ቀንሳለች። ሆኖም አማካይ ቁጥር ሰፈርን ይደብቃል። እኛ ዘንድ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት በአዲስ አበባ 39 ሲሞቱ፣ ከጅቡቲ ጋር በሚዋሰነው አፋር 125 ይሞቱ ነበር። የአገሪቱን አማካይ ብቻ ያነበበ ይህን ገደል አያየውም። የጅቡቲም ቁጥር በሰፈርና በፆታ ተለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር።

ጅቡቲ ያላችሁ ወገኖች፣ በርሜላችሁን ክደኑ፤ በየሳምንቱ ባዶ አድርጋችሁ እሹት። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ።