ቅቤን ከነቅሉ መመዘን

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንድ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፤ «ትናንት የፈሰሰ ድንጋይ 22 ሚሊዮን ዓመቱ ነው ያላችሁ ሰዎች የድንቅነሽን ዕድሜ ስትነግሩን ለምን እንመናችሁ?» እኔ መሐንዲስ እንጂ የሥነ ምድር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም የመለኪያ ስህተት የዕለት ሥራዬ ነውና ማታ ማታ ጉዳዩን አነበብኩት።

የጠቀሰው ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከሃዋይ ኪላዌያ እሳተ ገሞራ ወደ ጥልቅ ባሕር የፈሰሱ አዳዲስ ድንጋዮች ሲለኩ እስከ 22 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አሳዩ።

ዘዴው እንዲህ ነው። በድንጋይ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 በዝግታ ይበሰብሳል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከሚበሰብሰው ከፊሉ አርጎን-40 የተባለ ጋዝ ይሆናል። የተጠራቀመው ጋዝ ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል። ስሌቱ ግን ድንጋዩ ቀልጦ ሲወጣ የቀድሞው አርጎን ሁሉ እንደተነፈሰ ታሳቢ ያደርጋል።

በየብስ ላይ ይህ በአብዛኛው ይሠራል። በባሕር ወለል ግን ቀዝቃዛው ውሃ የድንጋዩን ገጽ ወዲያው እንደ መስተዋት ያደርቀዋል፤ የውሃው ግፊትም ጋዙን ያፍነዋል። ዳልሪምፕልና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ይህን አሳዩ። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር በመስተዋታማው ጠርዝ ላይ ያለው ትርፍ አርጎን ይጨምራል። ከ2590 ሜትር ጥልቀት በወጣ አንድ ድንጋይ ደግሞ ከጠርዙ ወደ መሐል ሲኬድ አርጎኑ ይቀንሳል፤ መሐሉ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ ጋዙ መውጫ ጊዜ አግኝቷል።

ቅቤን ከነቅሉ እንደ መመዘን ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የቅሉ ክብደት አልተቀነሰም። ቅቤው ጥቂት ሲሆን ስህተቱ ይገዝፋል፤ ወጣት ድንጋይም የራሱ አርጎን እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ በትርፉ ይዋጣል።

ስለዚህ ለወጣት የባሕር ድንጋይ ሌላ ሰዓት ያስፈልጋል። ፖሎኒየም-210 በፍንዳታ ጊዜ ተንኖ ይጠፋል፤ ከዚያ በድንጋዩ ውስጥ ከቀረው እርሳስ-210 እንደገና ይፈጠራል። ግማሽ ዕድሜው 138 ቀን ብቻ ስለሆነ በወራት የሚቆጠር ዕድሜ ይለካል። ዘዴው በፓስፊክ ወለል ላይ ተሠርቶበታል።

የድንቅነሽስ? በሐዳር የተለካው ከባሕር ወለል የወጣ ድንጋይ ሳይሆን አየር ላይ የተበተነ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ተለክተው፣ እርስ በርስ ተነጻጽረው 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሰጡ። ትርፍ አርጎን በየብስም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ነገር ግን የተዛባው ቅንጣት ከሌሎቹ ስለሚለይ ይታወቃል።

ለወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ስህተቱን ማን አገኘው?» አለ። ራሳቸው ለኪዎቹ ናቸው፤ አግኝተውም አሳተሙት። «እሱ ይሻላል» ብሎ ሁለተኛውን ስኒ አቀበለኝ።