የናፍጣ ጭነት ተሽከርካሪዎች የጭስ መቆጣጠሪያ ጥገና በጎጃም ደጋማ መንገዶች

ከአዲስ አበባ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ የጭነት ተሽከርካሪ ደጀን ለመድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ አቀበት መውጣት ይኖርበታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚገኘው የደብረ ማርቆስ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በሚገባ ያልተቃጠለው ናፍጣም ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ለሚታየው ጭስ ሁሉ ከፍታውን ምክንያት ማድረግ አይቻልም። የሳሳው አየር የጥገና ጉድለትን አጉልቶ ያሳያል እንጂ ጉድለቱን አይፈጥርም። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋግጧል። ለጭሱ በቅድሚያ የሚጋለጡትም አሽከርካሪው፣ ረዳቱና በመንገድ ዳር የሚኖረውና የሚጓዘው ሕዝብ ናቸው።

የጭስ ቀለምና ትርጉሙ

• ጥቁር ጭስ፦ የአየር ማነስ ወይም የናፍጣ መብዛት ነው። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተበላሸ ኖዝል፣ ልኩን የሳተ ፖምፓ ወይም የደከመ ተርቦ ሊሆን ይችላል።
• ሰማያዊ ጭስ፦ የሞተር ዘይት አብሮ እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል።
• ነጭ ጭስ፦ በደጋው ቀዝቃዛ ማለዳ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ መታየቱ የተለመደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የሚገባ የራዲያተር ውኃ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መታየት አለበት።

በባለንብረቱና በአሽከርካሪው መከናወን ያለባቸው

1. በጠጠርና በአፈር መንገድ እህል ወይም የግንባታ ዕቃ የሚያመላልስ ተሽከርካሪ የአየር ፊልትሮው አምራቹ ከወሰነው ጊዜ ቀድሞ መታየትና መለወጥ አለበት። የወረቀት ፊልትሮን በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ አይገባም።
2. በበርሜልና በጄሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል ነዳጅ ከማደያ መቅዳትና የናፍጣ ፊልትሮን በወቅቱ መለወጥ ያስፈልጋል።
3. ኖዝልና ፖምፓ በመሣሪያ በሚለካ ባለሙያ መስተካከል አለባቸው።
4. ከረጅም አቀበት በኋላ ሞተርን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ለጥቂት ደቂቃዎች በሚኒሞ ማቆየት ተርቦውን ይጠብቃል።

የጥላሸት ማጣሪያ ያላቸው ሞዴሎች

ይህ ማጣሪያ የሚጸዳው የጭሱ ሙቀት ከፍ ሲል ጥላሸቱን በማቃጠል ነው። በከተማ ውስጥ ብቻ አጭር ጉዞ የሚያደርግ ተሽከርካሪ ይህን ሙቀት ስለማያገኝ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በአውራ ጎዳና ያለማቋረጥ መንዳት፣ መብራቱ ካልጠፋ ደግሞ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይገባል። የዩሪያ ፈሳሽ በሚጠቀሙ ተሽከርካሪዎች ታንከር ውስጥም ውኃ መጨመር አይፈቀድም።

መወገድ ያለባቸው አሠራሮች

አቀበት ለማስወጣት በሚል የፖምፓውን የናፍጣ መጠን ከልክ በላይ ማስጨመር የተሳሳተ አሠራር ነው። የጎደለው አየር በመሆኑ የተጨመረው ናፍጣ ጉልበት ሳይሆን ጭስ ይሆናል፤ የሞተሩን ሙቀት በመጨመርም ፒስተንና ተርቦን ይጎዳል። የጥላሸት ማጣሪያን ማስነቀልም ችግሩን ከተሽከርካሪው ወደ ሕዝቡ ሳንባ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ዓመታዊ ምርመራ

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። ጥገናን ለምርመራው ሰሞን ብቻ ማቆየት ግን ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ ማባከን ነው። ባለንብረቶች የፊልትሮ፣ የዘይትና የኖዝል ሥራ የተከናወነበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በመዝገብ ቢይዙ ብልሽቱን በቶሎ ለመለየት ይረዳቸዋል። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።