የማያመው ቁስል

ጉለሌ ውስጥ «ስኳር እግሩን አስቆረጠው» ሲባል ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ተከትሎ የሚመጣውም ምክር የታወቀ ነው፦ ጣፋጭ ተው፣ መድኃኒትህን አታቋርጥ፣ ስኳርህን ተለካ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን እግር ላይ ቁስል ከወጣ በኋላም ወሬው ሁሉ ስለ ስኳሩ ልክ ሲሆን አንድ ትልቅ ነገር ሳይነሳ ይቀራል፤ ሰውየው ቁስሉን እየረገጠ ነው።

የሚረግጠው ስለማያመው ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ጤነኛ ሰው ቆም ብሎ ያራግፋል። እግሩ የደነዘዘው ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ጠጠሩን እንደረገጠ ይወርድና ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። በማግስቱም ሥራ አለ። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን በባዶ እግሩ ሲያፈራርቅ ይውላል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት የራሷም የሸክሟም ክብደት የሚያርፈው ጣቶቿ ሥር ነው። ለእነዚህ ሰዎች «እግርህን አሳርፍ» ማለት «ገቢህን አቋርጥ» እንደማለት ነው፤ ምናልባት ምክሩ ብዙ የማይነገረውም ለዚህ ይሆናል።

በየቀኑ የሚረገጥ ቁስል ወደ ውስጥ ይሰረስራል፤ ጣት ላይ ደግሞ ከቆዳው እስከ አጥንቱ ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው። ጀርሙ አጥንት ውስጥ ከገባ ቁስሉ የዳነ መስሎ ይዘጋና እንደገና ይፈነዳል፤ ጣቱም አብጦ ይቀላል። ከባድ የእግር ኢንፌክሽን ካለባቸው የስኳር ሕሙማን ግማሽ ያህሉ አጥንታቸው ተነክቶ ይገኛል። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ምንም ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» መባል ብቻውን አያሳርፍም። ርካሽና ጠቃሚ ምርመራ አለ፦ ሐኪሙ በንጹሕ ቀጭን ብረት የቁስሉን ወለል ይነካል፤ ብረቱ ጠንካራ ነገር ካገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አጥንት ተነካ ማለት ግን እግር ይቆረጣል ማለት አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት ስድስት ሳምንት ያህል የሚወሰድ አንቲባዮቲክ፣ ወይም የተበላሸችውን ትንሽ አጥንት ብቻ ማውጣት ብዙዎችን ያድናል። ቤተሰብ ግን «ሆስፒታል ከገባ ይቆርጡታል» ብሎ እየፈራ የታማሚውን እግር በሙቅ የጨው ውሃ ይዘፈዝፋል፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ሲቃጠልም አይሰማውም። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ካፕሱል አልሠራ ሲል ሌላ ይገዛል። ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ እግሩ ጠቁሮ፣ መግሉ ወደ ላይ ወጥቶ ከሆነ የሐኪሙ ምርጫ ጠቧል።

የሚያስቆጨው፣ የደነዘዘን እግር ማዳን ለአዲስ አበባ አዲስ ዕውቀት አለመሆኑ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ማዕከል ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ብዙ ዘመን የሠራው በዚሁ ችግር ላይ ነው፤ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራ ወርክሾፕም አቋቁሟል። ለሥጋ ደዌ ቁስል የተለመደውን፣ ቁስሉን ከጫና የሚያሳርፈውን ጀሶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕሙማን አሻገረው። ዛሬም የስኳር ሕሙማን እግር ሕክምና ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት መመሪያ ለውስጥ እግር ቁስል በቅድሚያ የሚመክሩት እስከ ጉልበት የሚደርስና ታማሚው የማያወልቀውን ድጋፍ ነው። የደም ዝውውሩ ለተዘጋ ወይም ኢንፌክሽኑ ለበረታ እግር ግን አይሆንም፤ ውሳኔው የሐኪም ነው። ይህ ሁሉ የሚጀምረው እግሩን ከማየት ነው፤ ታማሚው ጫማውን ሳያወልቅ የሚያልቅ የስኳር ክትትል ለእኔ ግማሽ ክትትል ነው።

አንድ እግር ሲቆረጥ ክብደቱ ሁሉ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ያኛውም የደነዘዘ ነው። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከቁርጭምጭሚት በላይ ከተቆረጡት የስኳር ሕሙማን ከግማሽ የማያንሱት በአምስት ዓመት ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል። ስለዚህ ቁስል የወጣበት ዘመድ ይዛችሁ ስትሄዱ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ከሰማችሁ በኋላ እነዚህንም ጠይቁ፦ ቁስሉ አጥንት መንካቱ ታይቷል? ደም በደንብ ይደርሰዋል? እስኪድን ድረስስ በምን ይርገጥ?