የግሽበቱ ቁጥር የማንን ዘንቢል ይለካል?

ወገኖች፣ በየወሩ «የዋጋ ግሽበቱ ይህን ያህል በመቶ ነው» ሲባል እንሰማለን። ከገበያ የምትመለስ እናት ግን «በእኔ ቤት ከዚህ ይበልጣል» ትላለች። ተሳስታ ይሆን?

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የእህል፣ የዘይት፣ የቤት ኪራይ፣ የልብስና የሌሎችንም ዋጋ በየወሩ ይሰበስባል። ለእያንዳንዱም ከሕዝቡ አማካይ ወጪ በሚይዘው ድርሻ ልክ ክብደት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2016ን መነሻ ባደረገው ስሌት ምግብ ከግማሽ በላይ ክብደት ነበረው።

በምሳሌ እንየው። ምግብ በ20 በመቶ፣ ሌላው ሁሉ በ5 በመቶ ጨመረ እንበል። ከ1000 ብር 600ውን ለምግብ የሚያውል ቤት ወጪው በ140 ብር፣ ማለትም በ14 በመቶ ያድጋል። 800ውን ለምግብ የሚያውል ድሃ ቤት ግን 170 ብር፣ ማለትም 17 በመቶ ይጨመርበታል። ገበያው አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ እናቲቱ አልተሳሳተችም።

ደግሞም «ግሽበቱ ቀነሰ» ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የጭማሪው ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።

እንግዲህ የጥበቃ ሠራተኛችንን ደመወዝ ወይም የመበለቶችን ድጎማ ስንወስን፣ ከዜናው ቁጥር ጋር የእነርሱንም ዘንቢል እንይ።