የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃው ጥገኛ ፈንገስ

ቆዳ ለሰው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ መሸፈኛ ነው። ለእንቁራሪት ግን ከዚህ እጅግ የላቀ ነው። እንቁራሪት እንደ ሌሎች እንስሳት በአፏ ውኃ አትጠጣም፤ የሚያስፈልጋት ውኃ በቆዳዋ፣ በተለይም በሆዷ ሥር ባለው ስስ ክፍል በኩል ሰርጎ ይገባል። ከምትተነፍሰው አየር ከፊሉ የሚገባውና የሚወጣው በዚሁ ቆዳ ሲሆን፣ በደሟ ውስጥ የሚገኘው የጨው ሚዛንም የሚጠበቀው በእርሱ ነው። እንግዲህ የእንቁራሪት የቆዳ በሽታ ስንል እንደ ቋቁቻ ያለውን፣ የሚያስጨንቅ እንጂ የማይገድል ሕመም ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ከወዲሁ ይረዳልን።

እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር ካንተርበሪ ከተማ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የተገኙ የእንቁራሪት አስተኔዎች ተመራማሪዎች፣ ከየአገራቸው ያመጡትን ወሬ ሲያነጻጽሩ አንድ አሳሳቢ ነገር አስተዋሉ። እንቁራሪቶች ደን በተመነጠረበት ብቻ ሳይሆን፣ በተጠበቁና የሰው እጅ እምብዛም ባልነካቸው ተራሮች ላይም እየጠፉ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ሞተው በተገኙ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይ አንድ ዓይነት ፈንገስ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ምላስ የሚያስር ቢመስልም መነሻው የግሪክኛዎቹ «እንቁራሪት» እና «ማሰሮ» ናቸው፤ በአጉሊ መነጽር ለተመለከተው ፈንገሱ በእርግጥም ጥቃቅን ማሰሮ ይመስላልና።

አኗኗሩ እንዲህ ነው። ከማሰሮው የሚወጡት ስፖሮች ጅራፍ መሰል ጭራ ስላላቸው በውኃ ውስጥ እየዋኙ ማረፊያ ይፈልጋሉ። የእንቁራሪት ቆዳ ሲያገኙ ኬራቲን የተባለው ጠንካራ ፕሮቲን ባለበት የላይኛው ሽፋን ውስጥ ይሰፍራሉ፤ በዚያም አድገው ሌላ ማሰሮ ይሆናሉ። ከአራት እስከ አምስት ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ማሰሮው አዳዲስ ስፖሮችን ይለቃል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ያንኑ እንስሳ መልሰው ይወርራሉ። ጭራ ያለው የእንቁራሪት እጭ ኬራቲን የሚገኝበት በአፉ ዙሪያ ብቻ በመሆኑ ፈንገሱን ተሸክሞ ሳይሞት ይቆያል። መከራው የሚመጣው እጩ እግር አውጥቶ ወደ የብስ ሲወጣ፣ መላ አካሉም ኬራቲን ሲለብስ ነው። ኩሬው በእጮች ተሞልቶ ሳለ በዳርቻው ግን ጎልማሳ እንቁራሪት የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቆዳ ላይ ፈንገስ እንዴት ይገድላል? ለዚህ መልስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በጽኑ በታመሙ የአውስትራሊያ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪቶች ደም ውስጥ ሶዲየም 20 በመቶ ገደማ፣ ፖታሲየም ደግሞ 50 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የተጎዳው ቆዳ ጨውን ወደ ውስጥ መሳብ ተስኖት ነበር። የልብ ምት በእነዚህ ጨዎች ሚዛን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እንስሳቱ በመጨረሻ የሚሞቱት ልባቸው ቆሞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት በሽታው ቢያንስ ለ501 ዝርያዎች መመናመን አስተዋጽኦ ማድረጉን፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ፈጽመው ጠፍተዋል ተብለው እንደሚገመቱ አመልክቷል። በአንድ በሽታ ምክንያት ይህን ያህል የብዝኀ ሕይወት ጥፋት ከዚህ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም።

የፈንገሱ መነሻ አፍሪካ ናት የሚለው ግምት ለብዙ ጊዜ ጸንቶ ቆይቶ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሴቶችን እርግዝና ለመመርመር ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሌላው ዓለም በብዛት የተላከችው ባለጥፍር እንቁራሪት ተጠርጣሪ ነበረች፤ በ1938 የተያዘች የዚህች ዝርያ ናሙና ፈንገሱን ይዛ መገኘቷም ጥርጣሬውን አጠንክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በዘረመል የተደረገው ጥናት ግን ምንጩ ምሥራቅ እስያ፣ በተለይም የኮሪያ ልሳነ ምድር፣ ዘመኑም የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሆኑን አመለከተ። ያሰራጨው የእንስሳት ንግድ ነው። ለአፍሪካዊቷ እንቁራሪት ክሱ በመጠኑም ቢሆን ቀሎላታል ማለት ይቻላል።

ፈንገሱ ከፍተኛ ሙቀት አይችልም፤ የሚስማማው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ቅዝቃዜ ነው። ከዚህ በመነሣት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ብርሃን በሚያሳልፍ ትንሽ መጠለያ ውስጥ ጥቁር ቀለም የተቀቡ ባለቀዳዳ ጡቦች ደርድረው፣ እንቁራሪቶች በየቀዳዳው ገብተው እንዲሞቁ አደረጉ። በ2024 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት የሞቁት ከበሽታው ድነዋል፤ ከዚያም በኋላ ፈንገሱን የመቋቋም ኃይል አግኝተዋል። ርካሽነቱ ያስደስታል፤ ለአንድ ሙሉ ተራራ ግን ጡብ መደርደር አይቻልም።

ተራራ ሲነሣ ባሌን አለማስታወስ አይቻልም። በኢትዮጵያ ከሚኖሩት ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። በሀረና ደን ላይኛው ክፍል ብቻ የምትታወቀው የባሌ ተራሮች ጉርጥ ከእነዚህ አንዷ ስትሆን፣ በመጥፋት ጫፍ ላይ ከሚገኙት ዝርያዎች ጋር ተመድባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጥናት ፈንገሱ በአገራችን ደጋማ ሥፍራዎች፣ በልዩ ልዩ ዝርያዎች ላይ በስፋት እንደሚገኝ አረጋገጠ። የፈንገሱ መገኘት ብቻውን ግን ገዳዩ እርሱ ነው ለማለት አያበቃም። የማገዶ ለቀማና የከብት ግጦሽ የጉርጧን መኖሪያ እያራቆቱት ነውና፣ ጥላና እርጥበት ያጣን እንስሳ የገደለው በሽታው ይሁን የመኖሪያው መጥፋት ለመለየት ለዓመታት ያለማቋረጥ መከታተል ይጠይቃል።

እስከዚያው ድረስ በመስክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለእያንዳንዷ እንቁራሪት ጓንት ይቀይራሉ፤ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ሲሻገሩም ጫማቸውን በበረኪና አጥበው ያደርቃሉ፤ ስፖሩ ድርቀትን አይችልምና።