የኤሌክትሪክ መኪናና ሃይብሪድ በጋፋት ዳገት፦ ተረትና እውነታ

ደጋ ላይ ጉልበት የሚያንሰው የቤንዚን ሞተር እንጂ የኤሌክትሪክ ሞተር አይደለም። ሲባል የሚሰማው ግን ተገላቢጦሹ ነው፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ሜዳ እንጂ ለዳገት አይሆንም»። ጋፋትና ጎረቤቷ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ አየር አይሻም፤ ዳገት መሐል ቆሞ መነሳትም አያስቸግረውም።

እውነተኛው ዕዳ ክብደት ነው። ይህን ጋፋት ቀድማ ታውቃለች፤ ለዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. የመቅደላን ጉዞ የጀመረው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪናም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ወረታ ደብረ ታቦር ሲወጣ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይፈጃል። ልዩነቱ የሚታየው ሲመለስ ነው። የቤንዚን መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ሙቀት ያባክነዋል፤ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን እንደ ዲናሞ አድርጎ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል።

«ሃይብሪድ ሁሉ ሶኬት ላይ ይሰካል» የሚባለውም ስሕተት ነው። የሚሰካው «ፕላግ ኢን» የሚሉት ብቻ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ቶዮታ ፕሪየስ ዓይነት ተራ ሃይብሪድ መሰኪያ የለውም፤ የጉልበቱ ሁሉ ምንጭ ቤንዚን ነው። ባትሪው ትንሽ፣ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ የሚይዝ በመሆኑ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይሞላል። ከዚያ መኪናው የቤንዚን ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያሽከረከረ ፍጥነቱን ይገታል። ተሳፋሪውን የሚያስደነግጠው ጩኸት ይሄ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ማርሹ ላይ ያለችው «ቢ» ፊደልም የባትሪ አይደለችም፤ ፍሬን እንዳይግል መኪናውን በሞተር የምትይዝ ናት።

«ኤሌክትሪኩስ ከነዳጅ አይደል የሚመጣው?» የሚለው ጥያቄ ለሌላ አገር ያስኬዳል። የኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላዩ ከውኃ ይመነጫል። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክልም ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር።

ሥጋቱ እውነት የሚሆነው ቻርጅ ላይ ነው። ከተራ የቤት ሶኬት 2 ኪሎዋት ገደማ ስለሚገኝ ባዶ የ50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል፤ በወረታ ዳገት ክብደቱን ለማንሳት ብቻ የወጣውን ለመተካት ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል።